የብልጭታው ውለታ

አቶ ቀለመወርቅ በሰፈራቸው በሁለት ነገር ይታወቁ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመው በመድረስና መኪና ሲነዱ ከተፈቀደው ፍጥነት ንቅንቅ ባለማለት። ሃምሳ የሚል ምልክት ባለበት ሃምሳ፣ ሰላሳ ባለበት ሰላሳ ነው። ሚኒባሶች ከኋላቸው ክላክስ ሲያንባርቁባቸው በመስታወቱ አየት አድርገው «ይለፉ፤ መንገዱ የጋራ ነው» ይሉና እግራቸውን ካለበት አያነሡም።

በዚያ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከጎናቸው የተቀመጠው ጎረቤታቸው ደሜ ነበር። ደሜ የታክሲ ሾፌር ነው። ሚኒባሱ ዓለም ባንክ አካባቢ ካለ ጋራዥ ተጠግኖ ስለወጣለት ሊያደርሱት ከቤታቸው ይዘውት ወጡ።

«ጋሼ፣ በዚህ አነዳድ እኮ እስክንደርስ ድረስ ሌላ ብልሽት ያወጣል» አለ ደሜ።

«እኛ ግን አንበላሽም» አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

ቤቴልን አለፍ እንዳሉ፣ የቆመ የጭነት መኪና ተከልለው የሚጠብቁ ሁለት ትራፊክ ፖሊሶች አዩ። አንደኛው የፍጥነት መለኪያ ራዳሩን ከፊት በሚመጡት ተሽከርካሪዎች ላይ ደግኗል። አቶ ቀለመወርቅ የሚያስፈራቸው ነገር ስላልነበረ በእርጋታ አለፉ።

«በሉ እንግዲህ፣ ለሚመጡት መብራት ብልጭ ያድርጉላቸው» አለ ደሜ።

«ለምን? ፖሊሶቹ ሥራቸውን ይሥሩ እንጂ።»

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚባሉ ያውቃሉ? ‹መብራት እንኳ የሚሰስት ሰው› ነው የሚሉዎት። በቀደም ጎረቤታችን የኔሰው በእርስዎ ፊት ሰተት ብሎ ራዳር ላይ ሲወድቅ ዝም ብለውታል አሉ። ሾፌር ለሾፌር ካልደረሰ ማን ይደርስለታል?»

ቃሉ ወጋቸው። የሰው ኀዘን የራሳቸው፣ የሰው ደስታ የራሳቸው አድርገው የኖሩት ሰው፣ ከጀርባቸው ንፉግ ይባላሉ ብለው አስበው አያውቁም። ወዲያውም አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ ማስጠንቀቂያውን ያየ ሾፌር ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሕጉስ የሚሻው ይህንኑ አይደለምን? ምክንያት ካገኙ በኋላ እጃቸው ቀለለላቸው።

ከፊት ለፊት አንድ ግራጫ ፒክ አፕ እየተወነጨፈ መጣ። ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረጉለት። ሾፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ አመሰገናቸው።

«እንዲህ ነው እንጂ ጋሼ» አለ ደሜ።

አቶ ቀለመወርቅ ፒክ አፑን በመስታወት ተከተሉት። ረጋ ብሎ ወደ ፖሊሶቹ ይሄዳል ብለው ነበር። እርሱ ግን ድንገት ታጠፈና የእነ አቶ ቀለመወርቅን ሰፈር አቋርጦ ከፖሊሶቹ በስተኋላ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ገባ።

«በውስጥ ሊያመልጣቸው ነው» ብሎ ደሜ ሳቀ። «ብልጥ ነው።»

«በእኛ መንገድ እኮ ነው የገባው።»

«ታዲያ በየት ይሂድ?»

አቶ ቀለመወርቅ ሰዓታቸውን አዩ። ሰዓቱ ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ነበር። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው መሐል ለመሐል ነው የሚሄዱት፤ ልጃቸው ሜሪም ከነዚያው ጋር ናት። ልመለስ ይሆን ሲሉ፣ ስልካቸው ጮኸ። እየነዱ ስልክ ስለማያነሡ ደሜ ተቀበለላቸው። ጥቂት አዳመጠ። ከፊቱ ላይ ሳቁ ጠፋ።

«ጋሼ፣ መኪናዋን ዳር ያስይዟት።»

«ማን ነው?»

«ማቲ ነው፣ ባለሱቁ። መጀመሪያ ያቁሟት።»

አቆሙ።

«ሜሪን መኪና ገጭቷታል። በሕይወት አለች። በሕይወት አለች ብሎኛል፣ ጋሼ።»

መኪናውን እንዴት እንዳዞሩት አላወቁም። የፍጥነት መለኪያው ቀስት በዘመናቸው ደርሶበት የማያውቀው ቁጥር ላይ ወጥቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ዝግ ይበሉ፣ ጋሼ» ይላቸዋል ደሜ፣ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፤ «ዝግ ይበሉ፣ ለእሷም አይበጃትም።» አልሰሙትም።

ወደ ሰፈሩ መንገድ ሲታጠፉ በመጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን አልነበረም። ግራጫውን ፒክ አፕ ነው፤ አፍንጫውን በአንድ ግቢ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ ቀብሮ ቆሟል። በሩን ሳይዘጉ ወርደው ወደተሰበሰበው ሰው ሮጡ።

ባለቤታቸው ሰብሌ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ የልጅቱን ራስ በጭኗ ይዛለች። ሜሪ ዓይኖቿ ተገልጠዋል፤ አታለቅስም። ይህም ከለቅሶ የከፋ ሆነባቸው።

«አባዬ፣ እግሬ አለ?»

ተመለከቱ። ሁለቱም እግሮቿ አሉ፤ ግራው ግን እግር በማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፏል።

«አለ፣ ልጄ።»

«አይሰማኝም እኮ።»

የፒክ አፑ ሾፌር ገና ወጣት ነው። ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘውታል። አቶ ቀለመወርቅንና መኪናቸውን አከታትሎ አየና ፊቱ በራ።

«እኚህ ሰውዬ ይመስክሩልኝ» አለ። «ራዳር አለ ብለው መብራት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሌላ ወንጀል ኖሮብኝ አይደለም የሸሸሁት፤ ቅጣት ፈርቼ ነው። ጋሼ፣ እባክዎ ይንገሩልኝ።»

ሰብሌ ቀና አለች።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«እኔ ነኝ እትዬ ሰብሌ» አለ ደሜ፤ «የጎተጎትኳቸው እኔ ነኝ።»

«አንተን አልጠየቅሁም። ቀለመወርቅ፣ ምንድን ነው የሚለው?»

ለሁሉም ነገር የደንቡን አንቀጽ የሚጠቅሱት ሰው ለዚህ አንቀጽ አልፈለጉም።

«እውነቱን ነው» አሉ። «መብራቱን ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

ሰብሌ አልጮኸችም፤ የማያውቁትን ሰው በሚያዩበት ዓይን ብቻ አየቻቸው። ከዚያም ወደ ጎረቤቶቹ ዞር ብላ፣ «ልጄን አንሡልኝ» አለች። ሜሪን በበር ሳንቃ ላይ አድርገው በኋላ ወንበር ሲያስገቧት አቶ ቀለመወርቅ ወደ መሪው አመሩ።

«አንተ አትነዳም» አለች ሰብሌ። «ደሜ ይንዳ። አንተ እግሯን ያዝ።»

በሁለቱ ወንበሮች መካከል ተንበርክከው ያዙ። ደሜ ሰው በእግሩ ከሚሄደው ባልፈጠነ አነዳድ ኮብልስቶኑን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ነዳ። በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ የተሰበረው አጥንት በመዳፋቸው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይሰማቸዋል። የልጅቱን ፊት አዩ። ምንም ሕመም አይታይበትም።

«አባዬ፣ ያዝከኝ?»

«ይዤሻለሁ።»

«የቱን እግሬን?» አለች ሜሪ።