ስምንተኛው መስመር

፩. በበር ሥርና በመስኮት ዳር ያለ ክፍተት በአሮጌ ጨርቅ ይደፈን።

ደፈነች።

የሟች ባሏን ካፖርት ከሣጥን አወጣች፣ ጠቀለለችና በበሩ ሥር አጋደመችው። ጎረቤቷ «ኧረ ጌጤ፣ የሰውዬውን ልብስ እንዲህ ታደርጊዋለሽ?» ብትላት «እሱም ብርድ አይወድም ነበር፤ አይከፋውም» አለች።

ወይዘሮ ጌጤነሽ የደምሰው ታላቅ እህት ናት። ደምሰው ደግሞ ከላይ ያለችውን መስመር የጻፈው ሰው ነው። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሰባት መስመር ጽፎ ለከተማው አስበተነ። መጀመሪያ ስምንት ነበሩ፤ ስንደርስበት ታየዋለህ። አንባቢ፣ ለጊዜው ይህን ብቻ ያዝ፦ በዚህ ቤት አንዲት ወጣት ሴት ሞታለች። ለምን እንደሞተች ደምሰው ያውቃል። እህቱ አታውቅም። ዛሬ ረፋዱ ላይ «ወረቀትህን ይዘህ ና» ብላ ልካበት፣ ወረቀቱን በኪሱ ከትቶ እግሩን እየጎተተ ወደ እሷ እየሄደ ነው።

፪. የግድግዳ ስንጥቅ በጭቃና በጭድ ይመረግ።

መረገች።

ጭቃውን ራሷ ረገጠችው። ሰው ቅጠሪ ቢሏት እንቢ አለች፤ የወንድሟ ወረቀት ስለሆነ በሌላ ሰው እጅ እንዲሠራ አልፈለገችም።

አስታ አምባ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጥቅምት ሲገባ ውርጩ የገብሱን ጫፍ ያሳርራል፤ በባልዲ ያደረ ውኃ ጠዋት ላዩ ጠጥሮ ይገኛል። የአገሩ ሰው ሌባ ከሚገባበት ነፋስ ቢገባበት ይብስበታል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ላብ በላብ ሆኖ እንኳ አንዱ መስኮት ሲከፍት «ዝጋው፣ ነፋስ ልታስመታን ነው?» የማይል የለም። ቤቶቹ ግን ወንፊት ናቸው። አንድ ጆንያ ከሰል ሳምንት አይደፍንም፤ የከሰሉም ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም።

ደምሰው የግንባታ መምህር ነው። አንድ ፕሮጀክት መጥቶ «ሰው በትንሽ ከሰል ቤቱን እንዲያሞቅ አስተምርልን» ሲለው ደስ አለው። «እናንተ የምታሞቁት ቤታችሁን መሰላችሁ? ሜዳውን ነው» ይላቸው ነበር። እውነቱን ነው። ነገሩም ሠራ፤ ይሄ አይካድም። ስድስት ቀን የነበረው የጌጤነሽ ጆንያ ሦስት ሳምንት ቆየ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተጎዳ።

፫. ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ ይወጠር፤ በላዩም የጓሳ ሣር ይነስነስ።

ወጠረች።

የማዳበሪያ ጆንያ እየተረተረች ሰፋች። ሣሩን ከተራራው በአህያ አስመጣች። ኮርኒሱ ያለቀው ልጇ ማስተዋል ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት በመጣች ሳምንት ነው። የማስተዋል ባል ቆላ ውስጥ መንገድ ሥራ ላይ ነበረ።

ማስተዋል የመጀመሪያ ቀን መደብ ላይ ተቀምጣ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችው።

«እማዬ፣ ነፋሱ የት ሄደ? ሲጮህ አልሰማውም እኮ።»

«አጎትሽ አባረረው» አለች ጌጤነሽ።

ደምሰው በር ላይ ቆሞ ይህን ሰማ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ኮርቶ አያውቅም። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበረ፤ ጌጤነሽ አዝላ አሳደገችው፣ እሷ ሳትማር እሱን አስተማረችው። አሁን በተራው ቤቷን አሞቀላት።

፬. ወለሉ ላይ ጅባ ወይም ሰሌን ይነጠፍ።

አነጠፈች።

ስለ ጅባው ብዙ የሚባል የለም። ይልቅ ከሥልጠናው ቀን በአንድ ሰው ስልክ የተቀዳ ድምፅ አለ። ደምሰው ወደ ራሱ ስልክ አስልኮታል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሰማዋል። ጋሽ ሀብተየስ ከሠልጣኞቹ ሽማግሌው ነው። እንዳለ ይኸው፦

ደምሰው፦ …ሰባት ጨረስን። ስምንተኛ። ከጣሪያው ሥር መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ክፍት ይተው። እሱ አይደፈንም።

(ጉምጉምታ።)

ጋሽ ሀብተየስ፦ አልሰማሁህም፤ እስቲ ድገመው።

ደምሰው፦ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ…

ጋሽ ሀብተየስ፦ አንተ ልጅ፣ ግማሽ ቀን ድፈኑ ድፈኑ ስትለን ውለህ አሁን ክፈቱ ትለናለህ?

(ሳቅ።)

ደምሰው፦ አየር መግባት አለበት ጋሼ። ከሰል ጭስ ባይታይበትም…

ጋሽ ሀብተየስ፦ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ሲቀላ ነው የምናስገባው። ይሄን ከእናቶቻችን እናውቀዋለን። ነፋስ ለማስገባት ከሆነማ በሩን ገርበብ አድርጌ ብተኛ አይቀለኝም?

(ረጅም ሳቅ። አንዲት ሴት «መምህሩ ደከመው» ትላለች።)

ደምሰው፦ እሺ። እሺ፣ እሱን እናየዋለን።

(ቅጂው እዚህ ያልቃል።)

አላየውም። ወረቀቱ ፎቶኮፒ ከመደረጉ በፊት ስምንተኛዋን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዛት። እንዳይስቁበት ነው። ለራሱ ግን ሌላ ምክንያት ሰጠው፦ የኛ ሰው ሰባቱንም አይፈጽምም፣ አንዱን ሲደፍን አንዱን ይተወዋል፣ አየሩ በተተወው ይገባል። ስለ ከተማው ሰው ልክ ነበረ።

ስለ እህቱ አላሰበም።

፭. የመስኮት መስታወት በላስቲክ ይደረብ።

ደረበች።

ደምሰው ለፕሮጀክቱ ከሞላው ቅጽ የተወሰደ፦

የሠለጠነ ሰው፦ ሰማንያ አራት

ሰባቱንም የፈጸመ ቤት፦ አንድ

የባለቤቷ ስም፦ ወ/ሮ ጌጤነሽ

የከሰል ፍጆታ፦ ከሦስት እጅ ከሁለቱ እጅ በላይ ቀንሷል

ያጋጠመ ችግር፦ የለም

የተጠቃሚዋ አስተያየት፦ «ወንድሜ ይኑርልኝ»

ማስተዋል የሞተችው ቅጹ በተላከ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ማንም መልሱልኝ አላለም። ቅጹ አሁንም አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ፋይል ውስጥ፣ «የለም» እንዳለ ተቀምጧል።

፮. በብርድ ወራት ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ይሰብሰብ፤ መኝታ ወደ ምድጃው ይቅረብ።

ሰበሰበች።

የማስተዋልን አልጋ ከጓዳ አውጥታ ምድጃው አጠገብ አደረገችው። አራስ ናት፤ አራስ ከብርድ ትጠበቃለች፣ ነፋስ ከነካት አለቀላት። ማስተዋል በሱፍ ባና ተጠቅልላ፣ ወንድ ልጇን አቅፋ፣ ድመቷን እግሯ ላይ አስተኝታ ትውላለች።

ደምሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ግንባሯን ይዛ አገኛት።

«ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ራሴን ይወግረኛል። እንቅልፍ እንቅልፍም ይለኛል።»

እዚህ ላይ ቆም በል፣ አንባቢ። ደምሰው ማድረግ ያለበትን ታውቃለህ፤ እሱም ያውቅ ነበር። ኮርኒሱን ቀና ብሎ አየ፤ አንድ ቀዳዳ አልነበረበትም። ነገ መሰላልና መቀስ ይዤ መጥቼ ትንሽ እከፍተዋለሁ ብሎ አሰበ። አፉን ከፈተ። ጌጤነሽ ግን አጥሚት ይዛ ገባችና «አራስ ናት፣ ደሟ ፈሷል፣ ትተኛ እንጂ ምን ትሁን» አለች። እሱም «አዎ፣ ትተኛ» አለ።

ነገ።

በማግስቱ ፈተና ያርም ነበር።

፯. ፍሙ በአመድ ይዳፈን፤ እሳቱ ይቆያል።*

ዳፈነች።

ሐሙስ የክትባት ቀን ነው። ማስተዋል ገና ስላልተነሣች ጌጤነሽ ሕፃኑን አዝላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ከመውጣቷ በፊት ከሰሉን ደጅ አቀላች፣ ጭሱ ሲያልቅ አስገባች፣ እሳቱ እስክትመለስ እንዲቆይላት አመድ አለበሰችው። ስትወጣ ካፖርቱን በእግሯ ገፋ አድርጋ አስተካከለች። ማስተዋል «ቶሎ ነይ እማዬ» አለቻት። ወረፋው ረዝሞ ቶሎ አልመጣችም።

ስትመለስ ቤቱ ይሞቅ ነበር። ማስተዋል እንደተኛች ናት፤ ከንፈሯ ቀልቶ የደላት ትመስላለች። ጌጤነሽ ሕፃኑን ልታስታቅፋት ጠራቻት። ደግማ ጠራቻት። ድመቷ ከአልጋው ሥር ደርቃ ተገኘች፤ ለቀስተኞቹ «እመቤቷን ተከተለች» አሉ እንጂ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

በማግስቱ ተቀበረች። ምን ገደላት ሲባል መልሱ ቀላል ነበር። ነፋስ ነው። አንድ ቦታ ሽንቁር ቀርቶ፣ ነፋስ ገብቶ፣ አራሷን መታት። ጋሽ ሀብተየስ እንኳ እንደዚያ አለ። ጌጤነሽ በለቅሶው መሀል የደምሰው አንገት ላይ ተጠምጥማ «ያልከኝን ሁሉ አድርጌ ነበር ደሜ፤ የቱ ጋ እንደቀረብኝ እንጃ» አለችው። ሰው ሁሉ አብሯት አለቀሰ። ደምሰው ገደልኳት ብሎ ያስባል ልል ነበር፤ አያስብም። ያውቀዋል።

ያን ቀን አልነገራት። በሠልስቱም አልነገራት። ለቀስተኛ አለ፣ ትንሽ ትረጋጋ፣ የማስተዋል ባል ይምጣ እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ። ፈሪ ነው። እኔም ልሸፍንለት አልፈልግም።

*\*አመድ ፍሙን አያጠፋውም፤ አየር ያሳጣዋል። አየር ያነሰው ፍም የማይታይና የማይሸት መርዝ ያወጣል። ይህ ስምንተኛዋ መስመር ሥር በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። አብሮ ተሰርዟል።*

ዛሬ

በሩን ሲገፋው ካፖርቱ ያዘው። በትከሻው ገፍቶ ገባ። ሙቀቱ ፊቱን መታው።

ጌጤነሽ ሕፃኑን አዝላ፣ እጇ እስከ ክርኗ በጭቃ ተለውሶ፣ ግድግዳው ሥር ተንበርክካለች። ምድጃው አጠገቧ አመድ ለብሷል። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ አንገቱን ጥሎ ተኝቷል፤ በዚህ ሰዓት አይተኛም ነበር።

«አገኘኋት» አለች። «ከአልጋው ራስጌ። አውራ ጣት የማታህል። ልጄን የበላቻት ይቺ ናት።»

እርጥቡን ጭቃ በመዳፏ ደባበሰችው። የደፈነቻት ቀዳዳ በቤቱ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ነበረች።

ደምሰው ተመልሶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ኧረ ዝጋው ደሜ፤ ሕፃኑን ነፋስ ይመታብኛል።»

«እትዬ…»

«እናቱን ያጣ ልጅ ነው። ዝጋው፣ በሞቴ።»

ዘጋው። እጁ ራሱ ዘጋው። ካፖርቱንም በእግሩ አስተካከለ።

እሷ እጇን ታጥባ መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ አጠገቧንም በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት። ልጅ ሳለ ፊደል አጥንቶ ሲመጣ እንዲህ ነበር የምታስቀምጠው።

«እንግዲህ አንብብልኝ፤ ቀስ እያልክ። እኔ እቆጥራለሁ። ያጎደልኩት ካለ ልወቀው፣ ልጁን እንኳ ላትርፈው። እንዳልወቅሳት ብለህ አትዝለል። ምንም ይሁን፣ ንገረኝ።»

ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ቅጂው አልነበረም። የመጀመሪያው ነው፣ በእጁ የጻፈው፣ ከታች ስርዙ ያለበት።

«በበር ሥርና በመስኮት ዳር ያለ ክፍተት…»

«ደፍኛለሁ።» አንድ ጣቷን አጠፈች።

«የግድግዳ ስንጥቅ…»

«መርጌያለሁ።»

«ኮርኒስ…»

«ወጥሬያለሁ።»

ጅባው። ላስቲኩ። አልጋው። በእያንዳንዱ ጣት ታጠፈ። የግራ እጇ አለቀና በቀኟ ቀጠለች። ሕፃኑ አንዴ ቃተተ፤ አልነቃም።

«ፍሙ በአመድ ይዳፈን።»

«ዳፍኛለሁ። ያን ዕለትም ዳፍኛለሁ፣ ዛሬም ዳፍኛለሁ።» ሰባተኛዋን አጠፈች። «ሁሉንም አድርጌያለሁ እኮ ደሜ።»

ስምንተኛ ጣቷን ይዛ ቆየች። ማንበብ አትችልም። በወረቀቱ ግርጌ በእስክሪብቶ ተደጋግሞ የተሰረዘውን መስመር ግን አየችው። ያቺኑ ጣቷን እሱ ላይ አሳረፈች።

«ይቺስ ምን ትላለች?»

፰.