ከስሱ መጋረጃ ጀርባ

«መጋረጃውን እንዳትነኪው!» አለች ኤሊነድ ሻይ እየቀዳች። «ወንድሜ ሰኞ አፈር እስኪለብስ ድረስ ይህ መስኮት አይከፈትም። በእናታችንም በአባታችንም ጊዜ እንዲሁ ነው የተደረገው።»

«ትንሽ አየር ይግባ ብዬ ነው» አለች ሜና፤ እጇን ሰበሰበችና ተመልሳ ተቀመጠች።

የሜና ባል፣ የኤሊነድ ወንድም ኢድዋል የሞተው ማክሰኞ ነው። የሽርሽር አውቶብስ ሹፌር ነበር፤ ጡረተኞችን ጭኖ በዌልስ የባሕር ዳር ከተሞች ሲያዞር ዕድሜውን ፈጀ። የዚያን ዕለት አበሪስትዊዝ ከተማ ላይ አውቶብሱን በወጉ አቆመ፣ የመጨረሻዋን አሮጊት እጇን ይዞ አወረደ፣ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ከዚያ አልተነሳም። ሲሞት እንኳ ሰው ማስቸገር አልፈለገም ተባለለት።

ሳሎኑ ጢም ብሏል። ሁለት ጎረቤቶች ሳንድዊቻቸውን ይዘው ጥግ ላይ ይንሾካሾካሉ።

«አንዲት ዘለላ እንባ አላወረደችም እኮ!»

«ተያት እባክሽ፣ ድንጋጤው ነው።»

ድንጋጤ አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ከየከተማው የመጡት ተሳፋሪዎቹ የሚያወሩት ሜና ስለማታውቀው ሰው ነው። በማይክሮፎኑ ይዘፍንልን ነበር ይላሉ። በጎች መንገድ ሲዘጉበት «ትኬት ቆርጣችኋል?» እያለ በሳቅ ይገድለን ነበር ይላሉ። ሜና የምታውቀው ኢድዋል ማታ ገብቶ ጫማውን ያወልቃል፣ ሾርባውን ይጠጣል፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ጋዜጣውን ይዘረጋል። ከዚያ በላይ ቃል አይወጣውም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው። እሷ ደግሞ አውቶብስ አይስማማትም፤ በጫጉላቸው ሰሞን አንድ ጊዜ አብራው ተሳፍራ የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ አስመለሳትና ያ የመጨረሻዋ ሆነ። ጨዋታውን ሁሉ ለባዕድ ከሰጠ፣ ለእኔ ምን ተረፈኝ? ከማክሰኞ ጀምሮ አንጀቷን የሚያሳርራት ይህ ነበር።

በሩ ተከፈተና ከመርተር ከተማ የመጣች አጭር አሮጊት የዘቢብ ዳቦ ታቅፋ ገባች። ቤሪል እባላለሁ አለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በየበጋው የኢድዋል ተሳፋሪ ነበረች። ሜናን ስታይ ዳቦውን ለኤሊነድ አስታቅፋ እጇን ያዘቻት።

«የመስኮቷ እመቤት! በመጨረሻ ዓይንሽን አየሁት።»

«የምን መስኮት?» አለች ሜና።

«አይ አንቺ፣ ይሄ ነዋ! እታች ጥምዙ ጋ ስንደርስ አውቶብሱን ያዘገየዋል። ‹ባሕሩን ተዉት፣ የትም አይሄድም› ይለናል። ‹በስተቀኝ ያለችውን ነጭ ቤት እዩልኝ። ሚስቴ እዚያ ናት። እኔ ሁለት እጄ መሪ ላይ ነው፤ እናንተ ስለ እኔ አውለብልቡላት።› አንድ ቀን እንኳ ዘሎት አያውቅም።»

ሜና ወደ ተጋረደው መስኮት ዞረች። በየቅዳሜው እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጣ ስትሰፋ፣ አውቶብሱ ሙሉ እጅ ሆኖ ያልፍ ነበር። አንድ ማታ ተቆጥታ፣ «እነዚያ ተሳፋሪዎችህ ዝንጀሮ ያዩ ይመስል በቤቴ ላይ የሚያፈጡት ምን ሆነው ነው?» ብላዋለች። ኢድዋል እስከ ጆሮው ቀላ። «ደስ ብሏቸው ይሆናል» አለ፣ ወደ ጋዜጣው እያቀረቀረ። በማግስቱ ስስ መጋረጃ ገዝታ መጣች። ወንበር ላይ ቆሞ የሰቀለላት ራሱ ነው።

«መጋረጃ ሰቀልኩባችሁ እኮ» አለች ሜና። «ከዚያ በኋላ ተወው አይደል?»

«ምን ይተዋል! ‹ከመጋረጃው ጀርባ አለች፤ ዓይናፋር ናት፣ አውለብልቡ› ይለን ነበር እንጂ።»

ዓይናፋሩ ማን እንደነበር ቤቱ ያውቃል። ሜና መናገር ፈለገች፤ የመጣላት ግን ማክሰኞ መምጣት የነበረበት እንባ ነው። ጎረቤቶቹ ማኘካቸውን አቆሙ።

እሷ እያለቀሰች ሳለ ከታች የሞተር ድምፅ ተሰማ። ቅዳሜ ነበር። አውቶብሱ ዳገቱን ጨርሶ ወደ ጥምዙ እየመጣ ነው።

ሜና ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ሜና! ነግሬሻለሁ!» አለች ኤሊነድ።

አልሰማቻትም። ለሐዘኑ የተጋረደውን ወፍራም መጋረጃ ገፋች፤ ስሱን ከነዘንጉ ነቅላ ጣለችው። ብርሃኑ ጥቁር በለበሱት ሰዎች ላይ ወረደ።

አዲሱ ሹፌር ወጣት ነው፤ ጥምዙ ላይ አላዘገየም። የተሳፋሪው ፊት ሁሉ ወደ ባሕሩ ዞሯል፤ ይቺን ነጭ ቤት እዩልኝ ያላቸው የለም። ሜና እጇን ከራሷ በላይ አንስታ አውለበለበች። ኤሊነድ ወፍራሙን መጋረጃ ልትመልስ ደርሳ ጫፉን ያዘች፤ የሜናን ፊት ስታይ ግን እንደያዘችው ቀረች።

አውቶብሱ ከገደሉ ጀርባ ተሰወረ። መንገዱ ባዶ ሆነ። ሜና እጇን አላወረደችም።