በአራት ሰዓት

…ሦስት ሰዓት ነው እንጂ የሚለው ስልኩ፣ ከዚያኛው አውሮፕላን ማረፊያ እስከዚህኛው ሁለት ሺህ መቶ ኪሎ ሜትር፣ በረራው ሦስት ሰዓት፣ ታዲያ የሚስቱ እህት አራት ያለችው ከየት አምጥታ ነው፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሊሳፈሩ ሲሉ ደውላ ጋሼ በአራት ሰዓት እንደርሳለን አለችና ዘጋችው፣ አንድና አራት አምስት፣ አሁን ገና አራት ተኩል፣ ቀደም ብሎ በመምጣቱ ደግ አደረገ፣ ግን ያቺ አንዷ ሰዓት የት ገባች?

ዕድሜውን የፈጀው አውቶቡስ ሲነዳ ነው፣ ይህን ያህል መንገድ ለእሱ ሦስት ቀን ነበር፣ ኩርባው፣ ዳገቱ፣ የሚፈነዳው ጎማ፣ ወራጅ አለ ባዩ፣ ሰማይ ላይ ወራጅ የለ፣ እና ምን ያዘገያቸዋል፣ ነፋስ ይሆን ከፊት የሚገፋው፣ ወይስ አብራሪውም እንደሱ ቁርስ ላይ ወሬ ይዞት ይቀራል። መውጫው በር ላይ ያለችውን ጥበቃ ቢጠይቃት ደስ ባለው። ሽማግሌው ጃጀ ትላለቻ።

አዲሱ ጫማ ጠቦታል። ያውልቀው፣ ማን ያየዋል። አምስት ሊሆን ሲል ያደርገዋል፣ ኮቱን ይቆልፋል፣ በሩ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የሚስቱ ዐይን ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ እኮ፣ መጨረሻ ያየችው ጢሙ ጥቁር ሳለ ነው፣ እዚያ ያሉት ሐኪሞች መለሱላት፣ ጋዜጣ ታነባለች አለች እህቷ፣ ጋዜጣ፣ በድምፁ ነው የምታውቀው፣ ድምፁ ደግሞ አላረጀም፣ ፊቱ ነው እንጂ ጉዱ፣ ሽበቱ፣ የወለቀው ጥርስ፣ ይኸው ነው እንዴ ብትልስ? ፈርቷል፣ ምን ይደበቃል።

ሁለት ሺህ መቶ ለሦስት ሲካፈል ሰባት መቶ፣ በሰዓት ሰባት መቶ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ለአራት ሲካፈል ግን አምስት መቶ ምናምን፣ እንደዚያ እየተንቀረፈፈ አውሮፕላን ይሄዳል እንዴ፣ ቆይ። በአራት ሰዓት። አራት ሰዓት ይፈጅብናል መቼ አለች፣ አራት ሰዓት ሲል እንደርሳለን ነው ያለችው፣ ወይ እሱ፣ ዕድሜ ልኩን በሁለት ሰዓት እንነሳለን እያለ ሲጣራ አንድም ተሳፋሪ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጎልቶ አልጠበቀው። አርፈዋል። ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል።

ዞር ይላል። ምሰሶው ሥር ካለው ወንበር ላይ እህትየው አፏን ይዛ ትስቃለች፣ አጠገቧ ሚስቱ፣ ዐይኗን ሳትነቅል ታየዋለች፣ ካልሲው ላይ ያለው ቀዳዳ፣ ጎብጦ መቀመጡ፣ ሁሉን አይታለች።

ጋሼ ልጠራዎት ስል እሷ ናት የከለከለችኝ፣ ትላለች እህትየው፣ እሱ በእግሩ ጫማውን ይፈልጋል፣ ሚስቱ ተነስታ ትመጣለች፣ ማንም ሳይመራት፣ የሰው ሻንጣ ተራምዳ፣ ከንፈሩን በጣቷ ትነካለች፣ አንተ፣ ትላለች፣ ድምፅ የለህም ከንፈርህ ግን አላረፈም እኮ፣ ያን ሁሉ ዓመት ዝም አለኝ ስል ለካ ታወራ ነበር።