ለመደርደሪያ የተሠራ ድልድይ

ለመላው የቬርሞንት ሕዝብ በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን፤ ኦሪን የሠራው የድልድያችን ትንሽ ሞዴል ዛሬ ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ወርዷል። ባለ ጣሪያውን የእንጨት ድልድይ ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ልኩ የቀረው በዚህ ሞዴል ላይ ብቻ ነው። ልኩ ካልተገኘ መንግሥት በሲሚንቶ ይሠራዋል።

አናጢዋ ሄስተር የጎኑን መስቀለኛ ድጋፎች ቆጠረችና አሮጌውን ፎቶግራፍ አየች።

"ፎቶው ላይ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ያንተ አሥር። አንተ ሰውዬ፣ ድልድይ ነው የሠራኸው ወይስ የዳቦ ሳጥን?"

"ሁለቱን ተውኳቸው። የቀሩትንም ትንሽ ትንሽ አቀራረብኳቸው።"

"በስንት?"

"አላስታውስም።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'ልክ በልክ ነው' እያልክ ስትኩራራብን ኖረህ? ለምን አሳጠርከው?"

ኦሪን መደርደሪያውን አየ። ሟች ሚስቱ ኮራ ማንም እንዳያነሳው የከለከለችው የኮመጠጠ ኪያር ጠርሙስ ጥጉ ላይ እንደቆመ ነው፤ ከጠርሙሱ እስከ ግድግዳው ያለው ባዶ ቦታ ልክ የሞዴሉን ርዝመት ያህላል።

"አልናገርም" አለ።