የኋላው ግማሽ

ገብረአምላክ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ መጽሐፍ ሲቆርጥ ግን ልኳንዳ ቤት ያደገ ይመስል ነበር። ወፍራም የስለላ ልቦለድ በገዛ ቁጥር በምላጭ ወገቡ ላይ ለሁለት ይከፍለዋል። ከወዳጁ ከሉልሰገድ ጋር ያመጡት ዘዴ ነው፤ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሰው አይበቃም፣ ሁለቱም ደግሞ ተራ የሚጠብቅ አንጀት የላቸውም። የፊቱን ግማሽ ገብረአምላክ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ባለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛ ሲሄድ ደንበኛ ሲመጣ አንብቦ ይጨርስና ለሉልሰገድ ያቀብለዋል። የኋላውን ቤቱ ይወስደዋል። መጨረሻ ተጋድሞ ነው የሚነበበው ይል ነበር። ሁለቱም ሲጨርሱ ግማሾቹ እዚያው ሱቅ በኮላ ይጣበቁና ምኒልክ አደባባይ አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት ወደሚሸጠው ወደ ኡመር ይመለሳሉ። ኡመር እነዚህን መጻሕፍት ለብቻ ያስቀምጣቸዋል፤ "ኦፕራሲዮን የወጡ" ይላቸዋል።

የሚያነቡት ለመውደድ አልነበረም፤ ለማማት ነበር። ባንኮኒ ተደግፈው፣ ማኪያቶ ይዘው፣ ደራሲ ያማሉ። ከወርቅ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጣው ሉልሰገድ ክፍል አንድን ደራሲው ይጽፈዋል፣ ክፍል ሁለትን ግን የቤት ኪራዩ ይጽፈዋል ባይ ነው። ገብረአምላክ ደግሞ ጀግና ሁሉ ለምን ግራ ትከሻውን ብቻ እንደሚመታ ይጠይቃል፤ ግራ ትከሻ ባይፈጠር ኖሮ ልቦለዶቻችን በሙሉ ገጽ ሃያ ላይ ያልቁ ነበር። ጠላት ሽጉጥ ከደቀነ በኋላ የሕይወት ታሪኩን መተረኩስ? ተኩሶ ቤቱ አይገባም? ከሁሉ የሚያናድደው ግን የፈንጂው ሰዓት ነበር። ሁልጊዜ ሦስት ሴኮንድ ሲቀረው ይቆማል። እንዲህ ያለ ሰዓት ሱቄ ቢመጣ አልነካውም፣ ይላል፤ የተበላሸው ባለቤቱ ነው።

የመጨረሻው መጽሐፋቸው "የኮሎኔሉ ጓንት፣ ክፍል ሁለት" ነበር። በክፍል አንድ ማብቂያ ላይ ጀግናው ዓባይ ገደል ገብቶ አዞ ሲጎትተው ነበር ከእሱ የተለያዩት። በክፍል ሁለት የመጀመሪያ ገጽ ናይሮቢ ሆቴል ውስጥ ጢሙን ይላጫል። ስለ አዞው የተባለ ነገር የለም።

ጀግናውን ለጠላት አሳልፎ የሰጠው ማን ነው? በዚህ ተወራረዱ። ገብረአምላክ ኮሎኔሉ ነው አለ። ሉልሰገድ ነርሷ ናት አለ፤ በየምዕራፉ ሻይ እያመጣች አንድ ቃል የማትተነፍስ ሴት ካለች ወንጀለኛዋን ሌላ ቦታ መፈለግ ሞኝነት ነው። ቅጣቱም ተቆረጠ። የተሸነፈ ሰው ክፍል ሦስትን ብቻውን አንብቦ ለአሸናፊው ይተርክለታል፤ አሸናፊው ከማንበብ ይድናል።

ሐሙስ ማታ ገብረአምላክ ደወለ። ጨርሷል። ሉልሰገድ ማን እንደሆነ ቢለምነውም አልነገረውም።

"ነገ ሱቅ ስትመጣ እነግርሃለሁ፣ ሓወይ" አለና፣ ወንድሜ እንደ ማለት፣ ዘጋው።

ሌሊቱን በእንቅልፉ ልቡ ቆመ።

የሉልሰገድ ሐዘን እውነተኛ ነበር። ከሐዘኑ ሥር ግን አንዲት አይጥ ትቧጥጠው ነበር፤ ኮሎኔሉ ወይስ ነርሷ? ሬሳ ሲወጣ፣ ፍትሐት ሲደርስ፣ አፈር ሲመለስ አይጧ አላረፈችም። አፈረ፤ ማፈሩም አላስተዋትም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ኡመር ጎኑ ተቀምጦ ሌላ ኮፒ እንዳለው፣ በነጻም እንደሚሰጠው ሹክ አለው። ሉልሰገድ እምቢ አለ። ክርክሩን የጀመረው ከገብረአምላክ ጋር ነው፤ ከመጽሐፍ ሻጭ ጋር ሊጨርሰው አልፈለገም። ግማሹ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ትራስጌ መምጣት አለበት።

የገብረአምላክ ቤት ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ካልፈረሱት ጥቂት ቤቶች አንዱ ነው። ሉልሰገድ ድንኳኑ በር አጠገብ ተቀምጦ፣ ንፍሮውን እየቆረጠመ፣ መጋረጃው በተገለጠ ቁጥር አንገቱን ወደ ውስጥ ያሰግጋል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ዓምደሚካኤል ይህን አዩ። ወዳጁ መሞቱን ማመን አቅቶት የሚፈልገው መሰላቸው። ክንዱን ይዘው አስነሡት፤ ግባና ይውጣልህ ብለው ሴቶቹ የተቀመጡበት ክፍል መሐል አቆሙት።

የቆመ ሰው ማልቀስ አለበት። ሉልሰገድ ነጠላውን ወገቡ ላይ አጠበቀና፣ ዓይኑ ከራዲዮው ወደ ቁም ሳጥኑ፣ ከቁም ሳጥኑ ወደ አልጋው ሥር እየተንከራተተ፣ በቅድሚያ የመጣለትን አወጣ።

"ገብሬ፣ ነገ እነግርሃለሁ ብለህ! ሳትነግረኝ!"

ቤቱ በዋይታ ተናጠ። በዚያ ለቅሶ እንደ እሱ ያስለቀሰ ሰው አልነበረም። መጽሐፉ ግን የትም አልታየውም።

በሰልስቱ ከሰዓት ሰው ሳሳ ሲል የገብረአምላክ ባለቤት ምብራት አስጠራችው። ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። ሌሎቹን ሴቶች በሰበብ ወደ ጓዳ ልካቸዋለች።

"ሉሌ፣ አንገትህ ሳይቀነጠስ ንገረኝ። ምን ጠፍቶህ ነው?"

ምንም እንዳልጠፋው ተናገረ። ምብራት ትንሽ አየችው፤ ከዚያ እጇን ከተቀመጠችበት ፍራሽ ሥር ከትታ ሽፋን የሌለው፣ በምላጭ የተቆረጠ ግማሽ መጽሐፍ አወጣች። ቤት ሲያጸዱ እንዳይጥሉት ብላ ሦስት ቀን ተቀምጣበታለች። ሲቀበላት ይሞቅ ነበር።

"አንቺ ደግሞ የውሸት መጽሐፍ አልወድም ትይ አልነበር?"

"እወዳለሁ አልኩህ? ግን የትኛው አምልጦኛል? መነጽሩን እንዳደረገ ያሸልበዋል፣ መጽሐፉን ከደረቱ ላይ አነሣለሁ። እንዲህ ስንት ዓመታችን።"

ሉልሰገድ አፉን ከፈተ። ምብራት አላስገባችውም፤ ነገሩ ብዙ ጊዜ ታፍኖ የቆየ ነበር። መጀመሪያ የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሰዎቹን ሁሉ የምታገኛቸው ተጣልተው ነው። ለምን እንደተጣሉ ገብረአምላክን እንዳትጠይቀው፣ ማንበቧን ካወቀ ይስቅብኛል ብላ ፈራች።

"ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ያለቀስኩለት ሰውዬ፣ ፊተኛው ግማሽ ላይ እናቱን ገድሎ ቢሆንስ? በምን አውቃለሁ? ደግሞ እነዚህ ደራሲዎቻችሁ መጨረስ አይችሉም። ሲደክማቸው ሁሉንም አንድ መርከብ ላይ ሰብስበው ያቃጥሏቸዋል። ስንት መርከብ አብሬ ተቃጠልኩ።"

ሉልሰገድ በነዚያ ዓመታት ሁሉ እዚህ ቤት የጠጣው ሻይ ትዝ አለው። ሻዩን አስቀምጣ ትሄዳለች፤ እነሱ መጽሐፍ ያማሉ። አንድ ቀን እንኳ ምን ትያለሽ አላሏትም።

"ማን ሆነ?" አለ በመጨረሻ።

"ነርሷ።"

አሸነፈ። የሚፎክርበት ሰው ፈልጎ ክፍሉን ቃኘ።

"እሱስ ምን አለ?"

"መጽሐፉን ወርውሮ ከግድግዳ አላተመው። 'ያ ሉልሰገድ ነገ መቀመጫ አይሰጠኝም' አለ። ከዚያ ሳቀ። እየሳቀ ነው መብራት ያጠፋው።"

 ሉልሰገድ ግማሹን መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ትከሻው እየተናጠ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ምብራት የነጠላዋን ጫፍ አቀበለችውና እስኪበቃው ጠበቀችው።

"ክፍል ሦስት ወጥቷል?" አለችው ኋላ።

ወጥቷል፤ ኡመር ጋ አለ።

"ሻይ ሳመጣ ስትወራረዱ ሰምቻለሁ፤ የተሸነፈው የዚህ ቤት ሰው ነው። ስለዚህ እኔ አነበውና እተርክልሃለሁ።"

ሉልሰገድ አፍንጫውን ጠረገ። ነገሩ ቅጣት መሆኑን፣ ያነበቡት ሁሉ እንደረገሙት፣ ጀግናው አሁንም ሞቶ አሁንም እንደሚነሣ፣ ሐዘን ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ መጽሐፍ እንዳልሆነ አስረዳት።

"መጀመሪያ አለው?" አለች ምብራት።

"አለው።"

"እንግዲያው አምጣልኝ። እንዳትቆርጠው።"