ከማን ሰማህ?

በ1973 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አዋሳ ታቦር ተራራ ሥር ካለ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ሬዲዮ ጠጋኙ ሙሴ ታሰረ። በስምንተኛው ቀን ከፍርድ ሸንጎው ፊት ቆመ፤ ከተፈረደበት በቀጥታ ወህኒ ይወርዳል።

የሸንጎው ሰብሳቢ ሙሉጌታ ድሮ የአውራጃ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። እዚያ ሳለ ስለ እንግሊዝ ፍርድ ቤቶች የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ደጋግሞ አንብቧል። ሦስት ነገር ከጭንቅላቱ አልወጣም፦ የከሰሰ ያስረዳል፤ ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ነው፤ ከሰው አፍ የተለቀመ ወሬ ማስረጃ አይሆንም። መጽሐፉን ግን ለማንም አንስቶ አያውቅም። የኢምፔሪያሊስት ሕግ ጠቀሰ ከተባለ ነገ ሙሴ የቆመበት የሚቆመው እሱ ነው።

በቀኙ ያሉት ዳኛ፣ ጓድ ወልደአማኑኤል፣ ችሎቱ ሳይከፈት ጥፋተኛ ብለው ፈርመው ጨርሰዋል። በግራው ሦስተኛዋ ዳኛ ጸሐይወርቅ አለች፤ ፊቷ አይነበብም። ውሳኔው ሁለት ፊርማ ይበቃዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደበሌ ፊት ወንበር ላይ እግራቸውን አነባብረው፣ ማን ምን እንዳለ በማስታወሻ ደብተራቸው ይጽፋሉ።

አብዮት ጠባቂው ፍቅሬ ተነሣ። «የወሰደው ሙሴ ነው።»

«ሲወስድ አይተሃል?» አለ ሙሉጌታ።

«አላየሁም። ግን አገር ያወቀው ነገር ነው።»

«አገር እዚህ ቀርቦ አይመሰክርም። አንተ ከማን ሰማህ?»

«ከብርሃነሽ።»

የቦኖ ውሃ የምታስቀዳው ብርሃነሽ ነጠላዋን እያጣፋች ብድግ አለች። «በእኔ ልታላክክ? አንተ ወሬኛ! ሰልፍ አልፈህ ስትቀዳ ዝም ባልኩህ!»

ሰው ሳቀ። ሙሉጌታ አልሳቀም። «እርስዎስ ከማን ሰሙ?»

ዙሪያዋን ቃኘች። «ከጓድ ሊቀመንበር ነዋ። ዕቃው የጠፋ ዕለት ቦኖው ጋ ቆመው፣ ‹ይሄ ሬዲዮ ጠጋኝ ሳይሆን አይቀርም› ብለው የለ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሙሉጌታ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎስ ከማን ሰሙ?»

«ከማንም። ጠረጠርኩ። መጠርጠር አብዮታዊ ግዴታ ነው።»

«ጥርጣሬውን የሚያስረዳ አለ?»

«ይህን አጠያየቅ ከየት አመጣኸው? የእንግሊዞቹን መጽሐፍ ታነባለህ አሉ።»

ሙሉጌታ መጽሐፉን ቤቱ ደብቆ ነው የያዘው። መጽሐፉን ያየችው ሚስቱ ብቻ ናት። ወይስ ሌላም ሰው አለ?

«የተያዘው ጉዳይ የድምፅ ማጉያው ነው» አለ።

«እንግሊዞቹስ ድምፅ ማጉያ ጠፍቶባቸው አያውቅም?» አሉ ደበሌ። የሳቀ የለም።

ሙሉጌታ «ማስረጃ ስላልቀረበ በነጻ ይሰናበት» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመና ወረቀቱን ወደ ግራው ገፋው። ጸሐይወርቅ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ነገ በእኔ ላይ ቢወራስ፣ እንዲሁ ትጠይቃለህ?» አለች በሹክሹክታ።

«እጠይቃለሁ።»

«እዚህ ወንበር ላይ ከቆየህ።»

«ከቆየሁ።»

ፈረመች። ሙሴ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ የፈራ ይመስል፣ ዞሮ ሳያይ በፍጥነት ወጣ።

ደበሌ ወረቀቱን አንስተው ሁለቱን ፊርማዎች አስተያዩ። ከዚያ በደብተራቸው አዲስ ገጽ ገለጡ።

«ለመሆኑ እናንተ ሁለታችሁ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ «የምትተዋወቁት ከመቼ ጀምሮ ነው?»