በሰማያዊው ሻሽ ሥር

የዝይ መመለሻ ሰገነት ሦስት ፎቅ ነው። ከላይኛው ፎቅ ላይ ሆኖ ወንዙን ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ካልጻፈ አይወርድም። ግድግዳው የተሠራው ለዚሁ ነው። ነጋዴ፣ ተማሪ፣ መነኩሴ፣ ከሥራው የተባረረ ሹም፣ ሁሉም ብሩሹን ቀለም ውስጥ እየነከረ ግጥሙን ይጽፋል። ከሥሩም ስሙን ያኖራል። የትልቅ ሰው ግጥም ከሆነ ግን አቧራ እንዳይነካው ሰማያዊ ሻሽ ይጋረድበታል። ያንን ሻሽ ገልጦ ማየት የሚችለው ሹም ብቻ ነው። እኔ፣ የሰገነቱ ጠባቂ ፒ ሌይ፣ ሻሹን ከውጭ ከማራገፍ በቀር ሥልጣን የለኝም።

ጀልባ ጎታች የነበረው ታላቅ ወንድሜ ፒ ሶንግ የጻፈው ከምሥራቁ መስኮት አጠገብ ነበር። ለሠራዊቱ እህል የሚጭኑ ጀልባዎችን በገመድ እንዲጎትት በግዳጅ በተወሰደበት ቀን፣ ሰዎቹ ከታች እየጠሩት፣ ቆሞ ጻፈው፤

ዝይ አዛዥ የለበትም፣ ክረምቱ ሲያልፍ ይመጣል፤
እኔ ግን በሰው ገመድ፣ ማን መመለሻዬን ያውቃል?
ከዚህ ሰገነት ሆና፣ ሚስቴ ወንዙን ስታይ፣
ውኃው እኔን ቢወስደኝ፣ ስሜን ይወስዳል ወይ?

ከሥሩ «ጀልባ ጎታቹ ፒ ሶንግ» ብሎ ፈረመ። ውኃው ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም፤ መቃብር የለውም። ሚስቱ እትዬ ሩዪን ከሰገነቱ በር ላይ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ ትሸጣለች። የሙታን መታሰቢያ ሲደርስ ሌላው ሰው ወደ መቃብር ሲሄድ እሷ ወደ ግድግዳው ትወጣና ስሙ ፊት ዳቦ ታስቀምጣለች።

በዚህ ዓመት አዲስ አገረ ገዥ ተሾመልን። ሟቹ ሚኒስትር ኩዋይ መምህሩ ነበሩና በሰገነቱ ላይ በሻሽ የተጋረደውን፣ አይቶት የማያውቀውን ግጥማቸውን ለማየት እንደሚመጣ ተነገረ። የከተማው ጸሐፊ ታን እየሮጠ መጣ።

«ይሄ ሁሉ ሙንጭርጭር ምንድነው?» አለኝ ግድግዳውን እያየ። «በሻሽ የተጋረደው ይቅር። ሌላው ሁሉ ኖራ ይቀባ። አገረ ገዥው የሚጽፉበት ንጹሕ ቦታ ይፈልጋሉ።»

«ጌታዬ፣ እዚያ ጋ የወንድሜ…»

«ወንድምህ ምን ሹመት ነበረው?»

መናገር አይሆንልኝም፤ ከትልቅ ሰው ፊት ምላሴ ይታሰራል።

ለእትዬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ኖራ ቀቢዎቹ ምሳቸውን ሊበሉ ሲወርዱ ጠብቃ ወጣች።

«ቀቢዎቹ ማንበብ ይችላሉ?» አለችኝ።

«ማንበብማ አይችሉም።»

«እንግዲያው የሚያውቁት ሻሽ ነው። ያዝ ያንን ጫፍ።»

የሚኒስትሩን ሻሽ ነቅለን በወንድሜ ግጥም ላይ ሰቀልነው። ቀቢዎቹ ጠግበው ተመለሱ፤ ሻሹን ዞረው አለፉት፣ የቀረውን አነጡት። ሚኒስትር ኩዋይ ከነማዕረጋቸው በኖራ ተሸፈኑ።

ጸሐፊ ታን ይህን ያየው አመሻሽ ላይ ሻሹን ሲገልጥ ነው። ፊቱ ከግድግዳው ይበልጥ ነጣ። እንደሚያስገርፈኝ አልተጠራጠርኩም ነበር። እሱ ግን በሩን ዘጋብኝ፤ ውስጥ የሚፋቅ ነገር ሰማሁ። ሲወጣ ጣቶቹ ቀለም ነክቷቸዋል።

«ትናገርና ታያለህ» ብሎኝ ወረደ።

ገብቼ ሻሹን ገለጥኩ። ወንድሜ የጻፋቸው መስመሮች አሉ። ስሙ ግን በቢላ ተፍቆ በቦታው «ኩዋይ» ተብሎ ተጽፏል። ሰው በግዳጅ ወስደው በውኃ አስበሉት፤ አሁን ደግሞ የቀረችውን ስሙን በቢላ ፋቋት። እንዲህ ያለውን ሥራ ሽፍታ እንኳ ይጸየፈዋል።

በማግስቱ አገረ ገዥው ከእንግዶቹ ጋር ወጣ። ሻሹ ሲገለጥለት እጅ ነሣ፣ አነበበ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«መምህሬ ከዚህ የበለጠ አልጻፉም» አለ። «‹በሰው ገመድ› ያሉትን አያችሁ? የሹመትን ሸክም እኮ ነው።»

«እንዴት ያለ ጥልቀት ነው!» አለ አንዱ እንግዳ። «ሚስቴ ያሉትም ቤተ መንግሥቱን ይሆናል።»

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አገረ ገዥው እንደ ገጣሚዎች ልማድ በዚያው ቤት የሚመታ መልስ ከጎኑ ጻፈ፤ «ለመምህሬ ለሚኒስትር ኩዋይ የተሰጠ መልስ» ብሎም ፈረመ። ቀለሙ ሳይደርቅ እትዬ ሩዪን የዳቦ ትሪዋን እንደያዘች ከሰዎቹ መካከል ወጣች።

«ጌታዬ፣ ይሄ የባሌ ነው። ገመዱም ገመድ ነው። ትከሻውን ልጦት ነበር፣ እኔ ነበርኩ ቅባት የምቀባለት። ሚስቴ ያለውም እኔን ነው።»

ጸሐፊ ታን ለመሳቅ እየሞከረ ጎንበስ አለ።

«ጌታዬ፣ ባሏ ወንዝ ገብቶ የቀረባት ናት። አእምሮዋ ተነክቷል።»

አገረ ገዥው ግጥሙን አየ፣ የራሱን መልስ አየ፣ ከዚያ እኔን።

«ጠባቂው አንተ ነህ? የማን ነው?»

«የወንድሜ ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም፤ አገረ ገዥው ግን ሰምቶኛል። ሲሰማ አይቼዋለሁ። ቀለሙን ከግድግዳው መልሶ መምጠጥ አይችል፣ እንግዶቹም አድንቀው ጨርሰዋል።

«ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ውሰዷት። ምስኪን ናት፣ ዳቦ ስጧት።»

ለዳቦ ሻጭ ዳቦ ስጧት አለ። እንግዶቹም ስለ ርኅራኄው አመሰገኑት።

ሹማምንቱ ወደ ግብዣው ሲሄዱ ጸሐፊ ታን በር ላይ ቆመ።

«ምን ጎደለብሽ አንቺ ሴትዮ? ግጥሙ ተረፈልሽ። እንደውም ከበረ። ሻሽ ለብሶ ይኖራል፣ የአገር ሰው እጅ ይነሣዋል። ስም ምን ያደርግልሻል?»

«ያንተን ፍቀህ ስጠኛ» አለችው።

ቀቢዎቹ የተረፈ ኖራ ከደረጃው ሥር ትተው ነበር። ባልዲውን አንጠልጥላ ወጣች፤ ተከተልኳት።

«እትዬ፣ ተይ። ሌላ ጽሑፍ የለንም እኮ።»

«መቃብሩ ይሄ ነበር» አለች። «አሁን ሌላ ሰው ተኝቶበታል። ለኩዋይ ዳቦ ላስቀምጥ ነው?»

ሻሹን ገለጠች። የመጨረሻውን መስመር በጣቷ ነካችው፤ ማንበብ አትችልም፣ የቱ እንደሆነ ግን ታውቃለች። ከዚያ ብሩሹን ነክራ ከላይ እስከ ታች ቀባችው። ብትደግመው እንኳ ከዚያ በላይ የማይነጣ እስኪሆን ሲነጣ ሻሹን መልሳ ጋረደችው።

ጸሐፊ ታን በኋላ መጥቶ አየ። ግን ለማን ይናገር? ቢናገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቢላው ነው። ሻሹን በሌላ በወፍራም አስለወጠ።

ዛሬም የአገረ ገዥው መልስ ከጎኑ አለ፤ ምንም ላልተጻፈበት ግድግዳ ይመልሳል። የተማሩ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሰማያዊውን ሻሽ አይተው እጅ ይነሣሉ፣ «ድንቅ ነው» ይላሉ። ሳይገልጡ ነው የሚያደንቁት። እኔም ከውጭ አቧራውን አራግፋለሁ።

ጀልባ ጎታቾች ግን ደረጃውን አይወጡም። ከበሩ ላይ ትኩስ ዳቦ ይገዙና ግጥሙን ንገሪን ይሏታል። እትዬ ሩዪን መጀመሪያ «ፒ ሶንግ» በሉ ትላቸዋለች። ስሙን ሳይጠሩ ግጥሙን አትጀምርላቸውም።